አጎቴን ጀልባ ላይ ያወጣሁ ቀን

አጎቴን ጋሽ ታደሰን ፍሎሪዳ ድረስ ይዣቸው መሄዴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከሰዓት በኋላ በትንሽ ጀልባ አራት ሆነን ከአሰልጣኝ ጋር ዳይቭ ልናደርግ፣ ባሕር ውስጥ ልንጠልቅ ወጣን፤ እሳቸው ቁጭ ብለው ሊጠብቁን። "ሠላሳ ደቂቃ ነው" ብያቸው ነበር፤ ጥፋቴ እሱ ብቻ ነው። ሦስቱ አየራቸው አልቆ ቀድመው ወጡ። ጀርባዬ ላይ ያዘልኩት ታንክ ገና አየር ስለነበረው ከአሰልጣኙ ጋር ትንሽ ቆየሁ።

ብቅ ስል ጋሽ ታደሰ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ደረታቸውን ይደቃሉ። ሲያዩኝ ስልኩን ጣሉት። ጀልባው ሙሉ አፍጥጦ ያየናል።

"ምን ሆነው ነው በፈረንጅ ፊት የሚያዋርዱኝ?" ብዬ ጮኽኩባቸው።

አኮረፉ። እስከ አትላንታ ስነዳ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔም እልህ ይዞኝ አልጠየቅኳቸውም።

ጎህ ሲቀድ አትላንታ አጠገብ ፓይን ሌክ ያለው እናቴ ቤት ስንደርስ መንገዱ በመኪና ተሞልቷል፤ ፓርክ የማደርግበት አጣሁ። በሩ ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ቆመዋል።

"ማነው መንገዱን የዘጋው?" ብዬ ስጮህ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ።

"ቀስ በል ልጄ፣ እናትየው ልጇ ባሕር ውስጥ መቅረቱን ገና አልሰማችም።"