ለስምንት ሳላካፍል

ከትንሿ ከተማችን ከቀየት የወጣሁት ገና ጎህ ሲቀድ ነው፣ አባቴ ከበግ ጸጉር በሸመኑት ባና ተጠቅልዬ። ወገኖቼ፣ እዚህ ጀርመን ሰዎች ስለ ብርድ ሲያማርሩ እስቃለሁ፤ የመንዝን ውርጭ የለመደ ሰው በረዶ አያስደነግጠውም። ጥቁር ዳቧቸውም ዓይኔን ጨፍኜ ስበላው የገብስ ቂጣችንን ይመስላል። ያልለመድኩት ሰው ከሰው ጋር በአንድ ደረጃ እየወጣና እየወረደ ደህና አደርክ አለመባባሉን ነው።

አባቴ የባና ሸማኔ ነበሩ፣ እኔ የኮምፒውተር መምህር። መብራት ስለማይኖር ኮምፒውተሮቹ አቧራ ይጠጣሉ፣ እኔ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተምራለሁ፦ ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው፤ የመስመር ፍጥነት በቢት፣ የፋይል መጠን በባይት ይለካል፤ ስለዚህ ለስምንት አካፍሉ። ይህንን አንድ ቀን ለአባቴ ብነግራቸው ከተማሪዎቼ ይልቅ ፈጥኖ ገባቸው። ባና በክንድ ነው የሚሸጠው። ገዢ "ስድስት ክንድ" ሲላቸው፣ ከሁሉ አስቀድመው "በማን ክንድ?" ይላሉ፤ የረጅምና የአጭር ሰው ክንድ አንድ አይደለምና።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳይከፈት ሲቀር ተሰደድኩ። የበረሃውንና የባሕሩን ነገር አልተርክም፤ ያየው ያውቀዋል፣ ያላየው ባይሰማው ይሻላል።

እዚህ አንዲት ክፍል ያከራዩኝ ሽማግሌ የቤቱ ኢንተርኔት ሃምሳ ነው ብለውኝ ነበር። "ሃምሳ ምን?" አልኳቸው። "ሃምሳ ኢንተርኔት" አሉኝ። በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ሃምሳው ሜጋቢት እንደሆነ፣ በሜጋባይት ሲመነዘር ከስድስት ብዙም እንደማያልፍ አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና "አንተ ከመጣህ ወዲህ ሁሉም ነገር አነሰ" አሉኝ። እንዲህ አዋቂ ነበርኩ እንግዲህ።

ባለፈው ክረምት አባቴ ደረታቸውን ታመሙ። ሞታቸው እንደቀረበ ስላወቁ ሊመርቁኝ ፈለጉ። መንደራችን ከቀየት በታች ቁልቁለቱ ውስጥ ስለሆነች ኔትወርክ ያለው ጋራው አናት ላይ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከመደባቸው መነሳት አይችሉም። ስለዚህ ታናሽ እህቴ ወይንሸት ምርቃቱን በስልኳ ቀርጻ ጋራውን ወጣችና ደወለችልኝ። እኔ ሰምቼ አሜን ስል፣ ድምፄን ይዛላቸው ልትወርድ ነው። እኛ ዘንድ ተመራቂው በየመሐሉ አሜን ካላለ ምርቃት ግማሽ ነው። አሁኑኑ በስልክ አሜን ልበልላቸው ብላት፣ ሳይሰማ አሜን እንዳይል ብለዋል አለችኝ።

"ጋሼ፣ ባትሪዬ እያለቀ ነው። ቪዲዮው መቶ ሃያ ሜጋ ነው። በድምፅ ብቻ የቀዳሁት ደግሞ አራት። የቱን ልላክልህ?"

ስልኳ ላይ ያስተማርኳት የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያ ስንት እንደሚል ጠየቅኳት። ግማሽ ሜጋ ይላል አለች።

መቶ ሃያን ለግማሽ አካፈልኩ፤ ሁለት መቶ አርባ ሰከንድ። ፊታቸው ናፍቆኝ ነበር፤ ከወጣሁ ጀምሮ አላየሁትም። "ቪዲዮውን ላኪው፣ አራት ደቂቃ ነው" አልኳት።

በማን ክንድ ብዬ አልጠየቅኩም። ግማሹ ሜጋቢት ነበር። አራት ያልኩት ደቂቃ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ ነበር፤ ድምፁ ብቻ ቢሆን ግን በአንድ ደቂቃ ግድም ይደርሰኝ ነበር። ስልኩ መሐል ላይ ጠፋ። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን፣ ለራሴ ባስፈለገኝ በአንዲት ቀን ረሳሁት።

ወይንሸት ባዶ እጇን ወረደች። በማግስቱ ማለዳ ቀየት ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ አንድ ወፍጮ ቤት ጄኔሬተር ላይ ስልኩን ሞልታ ቪዲዮውን ላከችልኝ። እያለቀስኩ አሜን፣ አሜን ብዬ መለስኩላት። ድምፄን ይዛ እየሮጠች ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ የለቅሶው ጩኸት ከሩቅ ተቀበላት።

ቪዲዮውን አሁንም አየዋለሁ። "በሄድክበት ሞገስ ይስጥህ" ይሉና ዝም ይላሉ። "ለአገርህ አፈር ያብቃህ" ይሉና ደግሞ ዝም ይላሉ፣ ዓይናቸውን ስልኩ ላይ ተክለው። ዝም የሚሉት እኔ አሜን እንድል ነው። እላለሁ፤ ማን ሊሰማኝ።

አርባቸው በወጣ ማግስት ለወይንሸት ደወልኩላት። ስትፈራው የቆየችውን ጠየቅኳት፤ የዚያን ዕለት ባዶ እጇን ስትገባ ምን እንዳሏት።

"'አሜን አለ?' አሉኝ።"

"አንቺስ ምን አልሻቸው?"

 

"አሜኑ መንገድ ላይ ነው አልኳቸው፣ ጋሼ። 'እንግዲያስ እጠብቃለሁ' ብለው ኩራዙን እንዳላጠፋ ከለከሉኝ።"