ራሴን በዳበስኩ ቁጥር

እናቴ ነቀምቴ ስትቀበር እኔን አልጠሩኝም። ደግ አስበው ነው የሚሉ አሉ። እኔ በደል ነው እላለሁ፤ የልጅ ልጆቼም በደል ብለው ይወቁልኝ።

ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነው። ሲሬ ተድሬ፣ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ ነበርኩ። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ወተቷ ይደርቃል ይባላል። በጭነት መኪና ግማሽ ቀን በማይሞላ ርቀት ላይ እያለሁ ወንድሜ ዝም ብሎ ቀበራት። ተዝካሯን ካወጣ በኋላ ሽማግሌዎች ይዞ በማለዳ ደጄን አንኳኳ።

«አፈር ሳታለብሷት አንዴ ባያት ምን ነበረበት?» አልኩት።

«እኔ ምን ላድርግ? ‹አራስ ናት፣ እንዳትጠሯት› ያለችው ራሷ ናት» አለኝ።

እውነት ይሁን ውሸት የሚመሰክር ሌላ ሰው የለም። ስትሞት አጠገቧ የነበረው እሱ ብቻ ነው። እናቴ እንዲያ ብላ ከሆነ እችለዋለሁ። ካላለች ግን እኔን ከቀብሯ ከልክሎ በሟች አሳበበ ማለት ነው።

ራሴን ተላጭቼ ጥቁር ለበስኩ። ከዚያ ወዲህ እናቴ በሕልሜ መምጣት ጀመረች። ጠጉሬን እየጎነጎነች ስለ ዶሮዎቿ ታወራኛለች። እኔም አብሬያት ስለ ዶሮ አወራለሁ! መሞቷ ትዝ የሚለኝ ስነቃ ነው። ጥያቄዬን ይዤ እተኛለሁ፤ ጥያቄዬን ይዤ እነሳለሁ።

ቄሱን ባማክራቸው «ሙት አይጠየቅም፣ ጸልዪላት» አሉኝ። ሕልም መሆኑን እንዲያስታውሰኝ ብዬ ጠጠር ጨብጬ ተኛሁ፤ በሕልሜም ጠጠሩን እንደጨበጥኩ ስለ ዶሮ አወራሁ። ባሌ ሳቀብኝ። «ካገኘሻትማ ያ የጠፋው በሬዬ የት እንደገባ ጠይቂልኝ።»

በኦሮምኛ «አኮ»፣ አያቴ፣ እያልኩ የምጠራቸው አሮጊት ጎረቤት ነበሩን። ጉዴን ሰምተው መጡ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የእኔም ሟች ባል በሕልሜ ይመጣል። ከዘራውን ይዞ ነው የሚመጣው። ከዘራው ግን እኔ ዘንድ ነው፤ ይኸው የምደገፈው እሱን ነው። ቀን ሙሉ በእጄ ይዤው ስለምውል፣ በሕልሜ እሱ እጅ ላይ ሳየው ‹አይ፣ ይሄስ ሕልም ነው› እላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በሕይወቱ ያልሰደብኩትን እሰድበዋለኋ!» ብለው ሳቁ። «የእኔ ከዘራ ላንቺ አይሠራም። የራስሽን ፈልጊ።»

የእኔን ያገኘሁት ከሻሼ ሥር ነው። በሕልሜ እናቴ ጠጉሬን ትጎነጉናለች፤ በእውን ግን የሚጎነጎን ጠጉር የለኝም። ከዚያ በኋላ በር ባለፍኩ፣ ውኃ በቀዳሁ፣ ልጅ ባጠባሁ ቁጥር እጄን ከሻሹ ሥር አስገብቼ «ጠጉር አለኝ?» እላለሁ። ገበያ መሀል ሳይቀር። ሴቶቹ ቅማል ፈጅቷት ነው አሉ።

ጠጉር ደግሞ አይጠብቅም፣ ያድጋል። እናቴ ሳትመልስልኝ ሊያድግብኝ ነው ብዬ እንደገና ተላጨሁ። ባሌ ተቆጣ።

«ሐዘኑ አለቀ እኮ! ሰው ምን ይለናል?»

«ላንተ ነው ያለቀው» አልኩት። ለእኔ ግን ምን እንደቀረኝ እንኳ አላውቅም ነበር። ወንድሜን ብከስ በምን ምስክር? ባምነውስ በምን ልብ?

አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ልጄን እያጠባሁ አሸለበኝ። እናቴ ከኋላዬ ተቀምጣ በጉልበቶቿ መሀል ይዛኛለች። ስለ ዶሮዎቿ ጀምራለች። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ራሴ ሄደ። ጉንጉን ነካሁ።

ጠጉር የለኝም እኮ! ሕልም ነው። እናቴ ሞታለች።

እንዳልነቃ ፈርቼ አልዞርኩም። ፊቷን ሳላይ ጠየቅኋት።

«እማ፣ ‹እንዳትጠሯት› ብለሽ ነበር?»

ጣቶቿ ጠጉሬ ውስጥ ቆሙ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ?» አለችኝ። «እዚህ የማውቀው አንቺ የምታውቂውን ብቻ ነው።»