የውሻዬ መርዶ

መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ባለፈው ሐሙስ ላምባ በሃይላንድ ገዝቼ ስመለስ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ ጣቶቼ ላይ ፈሰሰ። በሳሙና ደጋግሜ ባጥበውም አልለቅ አለ። እራት ስቀርብ ጉርሻው ላምባ ላምባ ሸተተኝ፤ ያን ጊዜ እትዬ የሻረግ ትዝ አሉኝ።

እትዬ የሻረግ እኔ ልጅ ሳለሁ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከቤታችን ማዶ ላምባ የሚቸረችሩ ሴት ነበሩ። ደጃፋቸው ላይ ወገቡ የሰረጎደ በርሜል፣ በርሜሉ ላይ ጆሮ የተበየደለት የድልህ ጣሳ ተቀምጧል። ቀሚሳቸው፣ ነጠላቸው፣ አልፎ አልፎ የሚሰጡን ከረሜላ ሳይቀር ላምባ ይሸታል። ከረሜላውን ግን እንበላው ነበር።

ላምባ መተዳደሪያቸው እንጂ ሙያቸው አልነበረም። ሙያቸው መርዶ ነበር። ሰው ከሩቅ ሞቶበት ገና ያልሰማ ቤተሰብ ካለ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ወሬው ታፍኖ ይቆይና አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ከፊት የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ማለዳ እንደ ሰው ወጥተው እሳት መጫር እንኳ አይችሉም። አንድ ጧት ጨው ቸግሯቸው የጎረቤት በር ቢያንኳኩ፣ ሴትዮዋ ገና ሳይናገሩ ደረቷን መምታት ጀመረች ይባላል። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ እስክትጠነክር ከቤት አይወጡም ነበር። የገዛ ሙያቸው በር የቆለፈባቸው ሴት ነበሩ።

በዚህ ልማድ ላይ ብዙ ቀልጃለሁ። ጋዜጣ ላይ መጻፍ በጀመርኩበት ሰሞን፣ አገር ሁሉ የሰማውን ሞት የሞተበት ሰው ብቻ ሳይሰማ ምሳውን እየበላ የሚስቅበት ከተማ ሌላ የት ይገኛል ብዬ ተሳልቄ ነበር። ጽሑፉ ተወደደልኝ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ምክንያቱም ከወር በፊት ያንኑ አፈና በገዛ ቤቴ አቋቁሜዋለሁ።

ሰባት ዓመት የሆናት ልጄ ብሩክታዊት ቡላ የምትባል ድመት ነበረቻት። ጎረቤታችን ለአይጥ መርዝ አስቀመጠች፤ አይጧ መርዙን በላች፤ ቡላ አይጧን በላች፤ ልጄ ትምህርት ቤት ሳለች ድመቷ ሞተች። እንዲህ ሲሆን ምን ማድረግ እንደሚገባ የልጅ አስተዳደግ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ እኔም አንብቤያቸዋለሁ። እውነቱን ባጭሩ ንገሩት፣ አብራችሁ ቅበሩ፣ ካሻው ሥዕል ይሣልላት ይላሉ። ትክክል ናቸው። ትክክለኛ ምክር ግን ድፍረት አይሰጥም። ድመቷን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ፣ አገሩ እንደሚያደርገው ገደል ጣልኳትና፣ ልጄ ስትመጣ ቡላ ታማ ለሕክምና ባሕር ዳር ተልካለች አልኳት።

በሳምንቱ መንገድ ተዘጋ። ለውሸቴ ሲሳይ ወረደለት፤ ከዚያ ወዲያ ቡላ የማትመጣው በእኔ ሳይሆን በመንገዱ ሆነ። ማታ ማታ ስለ ጤናዋ መግለጫ እሰጣለሁ። አንድ ቀን ወተት ጠጣች፣ ሌላ ቀን ትኩሳቷ ወረደ። በመጨረሻ ፈጽማ ድናለች ከማለት በቀር የቀረኝ ነገር አልነበረም። ከተማው በሙሉ መንገዱ እንዲከፈት ሲጸልይ፣ እንደተዘጋ እንዲቆይ የሚመኝ እኔ አንድ ሰው ብቻ ነበርኩ።

እንዲህ ያለ ውሸት ውስጥ ከዚህ ቀደምም ኖሬ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን የተዋሸሁት እኔ ነበርኩ። ውሻዬ መቻል ይባላል። አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ዳለቻ፣ ከእኔ በቀር ማንንም ደስ የማያሰኝ ውሻ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የለም። አባቴ፣ ገሳይ ያለው አጎቴ አውድማ የሚጠብቅ ውሻ ቸግሮት እንደወሰደው ነገረኝ። እህሉ ሲገባ ይመለሳል አለኝ፤ አመንኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጥንት ማጠራቀም ያዝኩ። የዱቄት ወተት ጣሳ እየሞላሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገሳይ ለሚመለስ ገበያተኛ እሰጣለሁ። ገበያተኛውም “እሺ፣ አደርሳለሁ” ብሎ ይቀበለኛል። ዳቦ ሻጯን እንዴት ነው ብዬ ስጠይቃት፣ ወፍሯል አሉ ትለኛለች። ሰፈሩ በአንድ አፍ ይዋሸኝ ነበር፤ ደግሞም በፍቅር።

በአራተኛው ሳምንት ናፍቆቱ ባሰብኝና ጣሳዬን ይዤ ገሳይ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተንጠለጠልኩ። ረዳቱ በጆሮዬ ይዞ አወረደኝ። ጣሳው ተንከባሎ እትዬ የሻረግ በርሜል ሥር ቆመ። አነሡት፣ ከፈቱት፣ ውስጡን አዩ። ለማን ነው አላሉኝም። ክዳኑን ገጥመው መለሱልኝና ወደ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ከሰዎቹ በፊት የላምባው ሽታ ገባ። እናቴ ሽታውን ስታውቀው ወገቧን ይዛ፣ ማን ይሆን፣ ማን ይሆን ትላለች። እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሁለት ጎረቤቶች አስከትለው ገቡ። አባቴን አለፉት፤ እናቴን አለፏት፤ እኔ ከተኛሁበት መደብ ጫፍ መጥተው ተቀመጡ።

“ተነሥ ልጄ። ተቀመጥ።”

ተቀመጥኩ።

“መቻል ገሳይ አልሄደም። መኪና ገጭቶት ሞቷል። ዛሬ ወሩ ነው። እግዜር ያጥናህ።”

አንደኛው ጎረቤት አፉን በጋቢው ቢሸፍንም ሳቁ አመለጠው። እትዬ የሻረግ ዞር ሳይሉ፣ “መሳቅ ከፈለግህ ደጅ አለልህ፤ ይህ የለቅሶ ቤት ነው” አሉት። እናቴ ልታባብለኝ ስትነሣ በእጃቸው መለሷት። እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ማንም አይዞህ አላለኝም፤ ከልጅነቴ ሁሉ ያን ያህል የተከበርኩበት ጧት አላስታውስም።

ሲወጣልኝ የት ቀበራችሁት አልኩ። አልተቀበረም፣ ገደል ተጥሎ ጅብ በልቶታል አሉኝ። ሌላ ሰው ይህችን እንኳ ለራሱ ያስቀራት ነበር። ከዚያ በኋላ ከሞቱ ይልቅ ያንገበገበኝን ጠየቅኳቸው።

“ማን ማን ያውቅ ነበር?”

እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው ቆጠሩልኝ። “አባትህ። እናትህ። ዳቦ ሻጯ። አጥንቱን የሚቀበሉህ ሁሉ።” አውራ ጣታቸውን ያዙ። “እኔም።” ደግሞም፣ ለእኔ ይሁን ለግድግዳው ባልለየ ድምፅ፣ “እኔም ስምንት ወር ዳቦ ቆሎ ስልክ ነበር” አሉ።

ነገሩ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ልጃቸው ወታደር ነበር፤ ከሩቅ ሞተ። መርዶ ነጋሪዋ እሳቸው ስለነበሩ ለእሳቸው የሚነግር ጠፋ። ሁሉም አንዱ አንዱን ሲጠብቅ ስምንት ወር አለፈ። እሳቸው ዳቦ ቆሎ እየቆሉ በመንገደኛ ይልካሉ፤ መንገደኛው አደርሳለሁ ብሎ ይቀበልና መንገድ ላይ ይበላዋል።

የውሻው መርዶ ለከተማው የሳቅ ድግስ ሆነ። አንድ የአባቴ ጓደኛ ላምባ ሊገዛ መጥቶ፣ እትዬ የሻረግ፣ አህያዬ ብትሞት ለእኔም ይመጡልኛል ወይ ቢላቸው፣ መቅዳታቸውን ሳያቋርጡ “አንተ ስትሞት ለአህያህ ሄጄ እነግራታለሁ” አሉት። ካረፉ ቆይተዋል። እሳቸው ሲያርፉ መርዶ የሚነገረው የቅርብ ሰው አልነበራቸውም።

ሐሙስ ማታ ይህን ሁሉ አስታውሼ ምንም አላደረግኩም። ማስታወስና ማድረግ የተለያዩ መሆናቸውን በሙያዬ አውቀዋለሁ። ዓርብ ከሰዓት ጎረቤታችን ሾፌሩ አያልነህ መጣና፣ ነገ መንገዱ ይከፈታል እየተባለ ነው፣ እንደተከፈተ እወጣለሁ አለ። ብሩክታዊት እየሮጠች ጓዳ ገብታ በፌስታል የተቋጠረ ነገር ይዛ ወጣች። ቋንጣ ነው። ከምሳዋ እየቀነሰች ወር ሙሉ ያጠራቀመችው።

“ጋሽ አያልነህ፣ ለቡላ ያድርሱልኝ።”

አያልነህ እኔን አየኝ። እውነቱን ያውቃል፤ የነገርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፌስታሉን ተቀበላት።

“እሺ የኔ እናት፣ አደርሳለሁ” አላት።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ኩራዙን ሞልቼ ለኮስኩ። ጋቢዬን አዘቅዝቄ የልጄ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ልውጣ ብልም መንገድ አትሰጠኝም ነበር። ሠላሳ ዓመት ስጽፍ ኖሬ አንዲት መሥመር እንዲያ ከብዳኝ አታውቅም።

“ተነሺ እናቴ። ተቀመጪ።”

ነገርኳት። መርዙንም፣ ገደሉንም፣ የትኩሳቱን ወሬ የፈጠርኩት እኔ መሆኔንም። አይዞሽ አላልኳትም። መስኮቱ እስኪነጣ አለቀሰች፤ እኔም ካጠገቧ ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩ። ደጅ የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ መንገዱ ተከፍቶ መሆን አለበት። ፊቷን በአንሶላው ጠራርጋ አየችኝ።

“ማን ማን ያውቃል አባዬ?”

እጄን ዘረጋሁ። “እናትሽ። ጋሽ አያልነህ። መምህርሽ። መርዙን ያስቀመጠችው ጎረቤታችን።”

አውራ ጣቴ ቀረ። ኩራዙን ስሞላ ነክሬው ኖሮ ላምባ ላምባ ይሸታል። ያዝኩት።

“እኔም” አልኳት።