የፈረመብኝ ሰው

ድብ ባሕር ከተማ ላይ ከአውቶቡስ ያወረዱኝ ሁለት ፖሊሶች ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። አንደኛው እንዲያውም ቦርሳዬን ያዘልኝ። አስተማሪ ነበርሁ፤ በምርጫው ጊዜ ለተቃዋሚዎች ታዛቢ ሆኜ ነበርና ምክንያቱን አልጠየቅኋቸውም። አመሻሹ ላይ ደባርቅ ደረስን። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስገቡኝ። በሩ ሲዘጋ መጀመሪያ የተሰማኝ የገብስ ሽታ ነው፤ ቀጥሎ ብርዱ። መስኮት የለውም። ጉሙ ግን በጣራውና በግድግዳው መሐል እየሾለከ ይገባና ቀኑን ሙሉ አብሮን ይውላል።

ከሰዓት በኋላ የምትመጣ አንዲት ነጭ ፒካፕ ነበረች። ሞተሯ ሲሰማ ወሬ ይቋረጣል። ስሙ የተጠራ ይወጣል፤ ወዴት እንደሚወሰድ የሚነግረን የለም። ሲመለስ ያየሁት ሰው አልነበረም።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተና አንድ ሰው ገባ። ሱፍ ኮት ለብሷል። ፊቱን ወዲያው አወቅሁት። የአካባቢው ትልቅ ሹም ነበር፤ በገባሁ ሰሞን አንድ መርማሪ ባሳየኝ የእስር ትእዛዝ ግርጌ ላይ ያለው ፊርማ የእሱ ነው። ማንም አልተነሣለትም፤ ማንም ቦታ አልለቀቀለትም። በመጨረሻ ከጊች መንደር የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ከብቶቻቸው የዱር አራዊት ፓርኩ ውስጥ ገብተው በመጋጣቸው የታሰሩ፣ አጎዛቸውን ሰብሰብ አደረጉለት።

“ና ተቀመጥ። እዚህ ሁላችንም መሬት ላይ ነን።”

ተቀመጠ። ሽማግሌው ሲያዩት ቆዩና፣ “አንተ ሰው፣ አትቆጣኝና አንድ ነገር ልጠይቅህ” አሉት። “እናንተ ሹመት የምትሹት ለእኛ ብላችሁ ነው ወይስ ለሆዳችሁ?”

የስብሰባ ንግግሩን ጠበቅሁ። ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አልመጣም።

“ስጀምር ለእናንተ ነበር፣ አባባ። እናቴ ምጥ ላይ እያለች በቃሬዛ ተሸክመናት ስንወርድ ገደሉ ላይ ሞተችብን። መንገድ አወጣለሁ ብዬ ገባሁ። መንገዱም ወጣ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ በመንገዱ ዳር አንድ ቦታ አማረኝ። በሚስቴ ወንድም ስም ወሰድሁት። የጠየቀኝ የለም። ሁለተኛውን ስወስድ ምንም አልመሰለኝም።”

“እንግዲያው በስርቆት ነው የመጣህ።”

“አይደለም። ስሰርቅማ ማን ተናገረኝ? ባለፈው ወር ከበላይ የመጣ ሰው የገበሬዎቹን እርሻ አስለቅቀህ ለዘመዴ ስጥ አለኝ። እሱንስ አላደርገውም አልሁ። የታሰርሁት በሰረቅሁት አይደለም አባባ፤ እምቢ ባልሁት ነው።”

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። “እግዜር ይፍታህ” አሉት። ከእስሩ ይሁን ከኃጢአቱ አልገባኝም።

ወደ እኔ ዞረ። እስረኞቹ መምህር እያሉ ሲጠሩኝ ሰምቶ ነበር። “መምህር፣ ባንተም ላይ የፈረምሁት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ።”

“ስምህን እንኳ አላነበብሁትም። ረጅም ዝርዝር ነበር።”

አንብቦት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

ከምሳ በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ሻይ አስቀረበልኝና አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ። ወረቀቱ፣ ሹሙ ከነጋዴ ጉቦ ሲቀበል በዓይኔ አይቻለሁ ይላል።

“ያሳሰረህ እሱ ነው። ፈርምና ነገ ተማሪዎችህ ፊት ትቆማለህ።”

“ሲቀበል አላየሁም።”

“ሌባ መሆኑን አታውቅም?”

ገና ረፋዱ ላይ ከራሱ አፍ ሰምቼዋለሁ። ልጆቼ ትዝ አሉኝ፤ የሻዩ ሙቀት መዳፌ ላይ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ሰውየውን ጠልቼው ነበር።

“ያላየሁትን አየሁ አልልም” አልሁት።

መርማሪው አልተቆጣም። ፈገግ አለ። “ስንት ሊሰጥህ ቃል ገባልህ?”

“ምንም።”

አላመነኝም። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ያስፈራኝ ያ ፊቱ ነው፤ እያስመሰለ አልነበረም፤ ሰው ያለ ክፍያ እምቢ ይላል ብሎ ማመን ጨርሶ አይሆንለትም። እስክሪብቶውን ከድኜ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥሁለት።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሹሙ ዓይኔን አየ። “ፈረምህ?”

“አልፈረምሁም።”

“ብትፈርምም አልፈርድብህም ነበር” አለ። ብዙም ሳይቆይ የፒካፗ ሞተር ተሰማ። የተጠራው የእሱ ስም ነው። ኮቱን ቆለፈ፤ አንዱን ቁልፍ ለማስገባት ሁለት ጊዜ ሳተው። መጀመሪያ ሽማግሌው ከአጎዛቸው ተነሡ። ቀጥሎ እኔ። ከዚያ ሁሉም። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ቆመን አየን። ከዚያ ወጣ።

እኔ ስምንት ወር ቆይቼ ተፈታሁ። የእሱን መጨረሻ አላወቅሁም፤ ወደ ሱዳን ተሻገረ የሚሉ አሉ፣ እስር ቤት ሞተ የሚሉም አሉ።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ዳባት ተቀምጫለሁ። በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ተሾመና ምክር ይስጡኝ ብሎ ቤቴ መጣ። ለምን ሹመት ፈለግህ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ለመግቢያውስ ሁሉም መልካም ምክንያት አለው።

“እምቢ የምትለው ምን ሲሉህ ነው?” አልሁት።

የቀለድሁ መስሎት ሳቀ። እኔ መልሱን እየጠበቅሁ አየሁት። ሰዓቱን ተመለከተና ስብሰባ አለብኝ ብሎ ተነሣ።