የተሰረዘው ካርድ

ባህሩ አቡ ዳቢ፣ አል ኻሊዲያ ውስጥ የአንድ ረጅም ሕንፃ ጥበቃ ነበር። ሚስቱ ዓይናለም ደግሞ አል ዓይን ከተማ፣ አንዲት ግብፃዊት መምህርት ቤት ትሠራ ነበር። ለእረፍት አገር ቤት ገብተው፣ ኮምቦልቻ ተጋብተው ቢመለሱም አንድ ቤት ኖረው አያውቁም። ባህሩ በየሁለት ሳምንቱ አርብ አርብ ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዞ ይመጣል፤ ከከተማዋ የቴምር ዛፎች ጥላ ሥር፣ ከውሃ ቦይ ዳር አብረው ይውላሉ፤ ሲመሽ ይመለሳል። ትዳራቸው ይኸው ነበር።

ኮሮና ሲገባ አውቶቡሱ ቆመ። ቀጥሎም ያለ ፈቃድ ከከተማ ከተማ መሄድ ተከለከለ። ዓይናለም ያኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

በዚያው ሰሞን የአሠሪዋ፣ የማዳም፣ ባል ከሥራ ተቀነሰና ቤተሰቡ ጠቅልሎ ወደ ካይሮ ሊሄድ ተነሣ። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የዓይናለምን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማውን፣ ያሰረዘችው እያለቀሰች ነው። ዓይናለም ራሕማ ከምትባል የወሎ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ገባች። ብዙም ሳይቆይ እግሯ ያብጥ ጀመር፤ ራስ ምታቱም አልለቅ አላት። ራሕማ ክሊኒክ ወሰደቻት። መዝጋቢዋ የጤና መድን ካርዱን አይታ መለሰችው።

«ተሰርዟል። ኢቃማው ሲሰረዝ ካርዱም አብሮ ይሰረዛል።»

«ነፍሰ ጡር ናት እኮ!» አለች ራሕማ።

«የኮሮና ምልክት ካላት ያለ ካርድም ትታያለች። ለሌላው ግን ከኪስ መክፈል ነው።»

ያን ቀን ከፍለው ታየች። ሐኪሙ ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ በየሳምንቱ መታየት አለባት አለ። በየሳምንቱ የመክፈል አቅም ግን አልነበራቸውም።

ባህሩ ይህን በስልክ እንደሰማ የጋብቻ ወረቀቱን ይዞ የኩባንያው ቢሮ ሄደ። የሠራተኞችን ጉዳይ የሚይዘው ማቴዎስ ያገሩ ልጅ ነው።

«ዓይናለምን በእኔ ካርድ ላይ አስገባልኝ።»

«ባህሩ ወንድሜ፣ ካርዱ የሚከተለው ኢቃማን ነው። ኢቃማዋን በስምህ ለማውጣት ደግሞ ደሞዝህ አይደርስም።»

«ሚስቴ ናት እኮ፣ ማቴዎስ።»

«አውቃለሁ።» ማቴዎስ ወረቀቱን ደጋግሞ አየው፤ ከዚያ በጥንቃቄ አጥፎ መለሰለት።

በሳምንቱ ዓይናለም ደወለች። «ቆንስላው ወደ አገር የሚመለሱትን ስም እየመዘገበ ነው። አገሬ ልግባ፣ ባህሩ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ብወልድ ማንም ካርድ አምጪ አይለኝም።»

«መቼ?» አላት።

«ሐሙስ። አውቶቡስ ከዚህ በቀጥታ ዱባይ አየር ማረፊያ ያደርሰናል።»

አል ዓይን ሄዶ ሊሰናበታት ሁለት ጊዜ ፈቃድ ጠይቆ ሁለቴም ተከለከለ። ሐሙስ ጠዋት በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው ሙቀት ሲለካ በቪዲዮ ደወለችለት። አውቶቡስ ውስጥ ናት፤ ከጭምብሉ በላይ ዓይኖቿ ብቻ ይታያሉ።

«እስቲ ሆድሽን አሳዪኝ።»

ስልኩን ዝቅ አደረገችው። ያበጠ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። ወዲያው አንድ ተከራይ መጥቶ ግንባሩን አቀረበለት፤ ባህሩ ስልኩን ኪሱ ከተተ። መልሶ ሲያወጣው መስመሩ ተቋርጧል።

ዓይናለም አዲስ አበባ ላይ የለይቶ ማቆያ ጊዜዋን ጨርሳ ኮምቦልቻ በገባች በወሩ ግፊቷ ጨመረ። ጤና ጣቢያው በአምቡላንስ ደሴ ላካት። ልጅቱ ያለ ጊዜዋ ተወለደች፤ ጭብጥ የማትሞላ፣ ግን በሕይወት።

ባህሩ ይህን ሲሰማ አብረውት ከሚያድሩት ግማሾቹ አገራቸው ገብተዋል፣ ግማሾቹ ለይቶ ማቆያ ናቸው። የሚነግረው ሰው ቢያጣ ሊፍት ለሚጠብቁ አንድ አረብ ሽማግሌ «ሴት ልጅ ተወለደችልኝ» አላቸው። ሽማግሌው እንኳን ደስ ያለህ ለማለት «መብሩክ» አሉትና ገቡ፤ ሊፍቱ ተዘጋ።

ልጁን ሩሃማን ያያት ዓመት ከስምንት ወር ሲሆናት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጣ አየችው። በአራተኛው ቀን ከእጁ ዳቦ ተቀበለች። ወሩ ሲሞላ እረፍቱ አለቀ።

«አብራችሁኝ ብትሄዱ፣» አላት ዓይናለምን ሻንጣውን እየዘጋ።

«ካርዱ ዛሬም ያንተ ብቻ ነው፣ ባህሩ።»

ሻንጣውን አንሥቶ በሩ ላይ አቆመው። ሩሃማ ተኝታ ስለነበር አልቀሰቀሷትም።