ለፓሶ ዶብሌ ሽምግልና ወደ ክሊፕታውን

ትሮይቪል

እሁድ ጠዋት ትሮይቪል ካለው ቤቴ የወጣሁት ለሽምግልና ነው። ለጋብቻ ወይም ለጠብ ቢሆን ወግ ነበረው፤ እኔ ግን የሄድኩት ለጭፈራ ነው። ያውም ስሙን በአፌ ለመጥራት ስታገል ለከረምኩት የስፔኖች ጭፈራ፣ ለፓሶ ዶብሌ።

ነገሩ ከቀሚስ ጀመረ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ኮሮና ከገባ ወዲህ ሠርጉም ምርቃቱም ስለቀረ ማስክ ብቻ ስሰፋ ዓይኔም ወገቤም አልቋል። ፀጋ ቀይና ጥቁር ጨርቅ ይዛ ስትመጣ እንደ ብርቅ አየኋት። ሶዌቶ ውስጥ ክሊፕታውን በሚባል ሰፈር ሱቅ ያለው የአቶ ሎምቤቦ ልጅ ናት፤ እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች፣ አካውንቲንግ የምትማር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። ቀሚሱ ለዳንስ ውድድር ነው አለችኝ። በሶዌቶ አዳራሾች ሰዉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ሱፍና ረጅም ቀሚስ ለብሶ ይወዳደራል። በወረርሽኙ ተዘግቶ የከረመው ውድድር አሁን ሊከፈት ነው።

«ጋሼ፣ ፕሊስ ዳዲን ያናግሩልኝ» አለች። «ፓርትነሬ እስከ ፍራይደይ ካልመለስኩለት ሌላ ልጅ ይይዛል። ዳዲ ደግሞ ስሙን እንኳ መስማት አይፈልግም።»

«ስሙ ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«ድርብ እርምጃ። መጀመሪያ የወታደር ማርች ነበር። በኋላ በሬ የሚዋጉት ሰዎች ወደ ሜዳ ሲገቡ የሚመታ ሙዚቃ ሆነ። አሁን ሙዚቃውም ዳንሱም በዛው ስም ይጠራል።»

ጨርቁን ቆርጬ ሰፋሁት፤ ጠርዙን ግን ሳልጨርስ ተውኩት። አባቷ እምቢ ካለ ማን ይለብሰዋል? ያልተጨረሰውን ቀሚስ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ።

ጀፕ

ብቻውን የሚሄድ ሽማግሌ የለም፤ ስለዚህ ጋሽ ዳንኤልን ለመውሰድ ሐበሻ ነጋዴ የሞላበት ጀፕ ጎራ አልኩ። ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ የሆኑ ሰው ናቸው። ከአቶ ሎምቤቦ ጋር የሆሳዕና ልጆች ናቸው። የአቶ ሎምቤቦ ባለቤት እትዬ አበበች በኮሮና ሲያርፉም፣ ቀብር እንዲቆሙ ከተፈቀደላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ፎቅ ላይ ካለው ምግብ ቤት ሽሮ በላን። አንዱ ሽሮ ስድሳ ራንድ ገብቷል። ይመጣልን የነበረው አንድ ትሪ ቀርቶ ለየብቻችን ሰሃን ቀረበልን። ፊት ለፊት ተቀምጠን እንደተኳረፈ ሰው እያንዳንዳችን የራሳችንን ቆረስን። በዚህ በሽታ ከመሞት የተረፍነው ሰዎች ይህን ይህን ነው የተቀማነው።

«ለመሆኑ ለጭፈራ ሽማግሌ ተልኮ ያውቃል?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ፣ ጋሽ ዳንኤል።»

«እኔም ይህን ሳልሰማ ነው ያረጀሁት» አሉና ኮታቸውን ለበሱ።

መንገድ

ከብሪ መናኸሪያ የሶዌቶ ታክሲ ያዝን። በር ላይ እጃችን ላይ ሳኒታይዘር ረጩብን። እኔ ክፉ ዕድል ሆኖብኝ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እዚህ አገር ረዳት የለም፤ ከኋላ የሚተላለፈውን ሂሳብ ሰብስቦ መልስ የሚመልሰው ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ ነው። መልስ ሳሳስት አንዲት እናት በዙሉ አንድ ነገር አሉና ታክሲው በሙሉ ሳቀብኝ። መስኮቶቹ በወረርሽኙ ደንብ ተከፍተዋል፤ መንገድ ዳር ከተከመረው የወርቅ ማዕድን አፈር የሚነሳው አቧራ ማስክ ሳይለይ ይገባል። ገና ሳልደርስ ደክሞኝ ነበር።

ክሊፕታውን

ከታክሲ ወርደን የባቡሩን ሐዲድ በድልድይ ተሻገርን። ሱቁ ከቆርቆሮ ቤቶቹ መሀል ነው። አቶ ሎምቤቦ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ሆኖ ለአንዲት ሴትዮ ዳቦ ያቀብላል። እኛን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። በሩን ከፍቶ በክርን ሰላም አለን፤ ተቀመጡ ግን አላለም።

ጋሽ ዳንኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሎምቤቦ፣ በልጅህ ጉዳይ አንድ ነገር ልንለምንህ መጥተናል።»

«ማን ነው ልጁ?» አለ።

የጭፈራ ጓደኛዋን የጠየቀ መስሎኝ «ታቦ ይባላል። ጨዋ ልጅ ነው አሉ» ብዬ መለስኩ።

አቶ ሎምቤቦ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ። «እናቷ ካረፈች ዓመት እንኳ አልሞላም። እሷንም ልትወስዱብኝ መጣችሁ?»

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግን የገባኝ። እሁድ ከሰዓት፣ ኮት ለብሰው፣ ጥቅል ይዘው፣ ሳይደውሉ የመጡ ሁለት ትልልቅ ሰዎችን ያየ የሴት ልጅ አባት ሌላ ምን ያስባል? አፈርኩ።

«ለጋብቻ አይደለም፣ ወንድሜ» አልኩት። «ለዳንስ ነው።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ሊስቅም ቃጥቶት ነበር። ወዲያው ግን ፊቱ ተመልሶ ተዘጋ። «በመዝሙር ያሳደግኳትን ልጅ ለዘፈን አልሰጥም። ለመሆኑ ስሙ ምን ማለት ነው? ስትነግረኝ አላዳመጥኳትም።»

እንደተማርኩት አስረዳሁ። ድርብ እርምጃ ማለት ነው አልኩ፤ ማርቹንም በሬውንም ነገርኩት። በውድድር ላይ ወንዱ በሬ ተዋጊው እንደሆነ፣ ሴቷ ደግሞ በሬው ፊት የሚውለበለበው ጨርቅ እንደሆነች ጨመርኩ። እንዲታየው ብዬም ቀሚሱን ፈታሁት።

«በሬው ምን በደላቸው?» አለ። ሆሳዕና ከብት ሲያግድ ያደገ ሰው ነው። ቀጥሎ ቀዩን ጨርቅ አየና «ልጄ ጨርቅ ናት?» አለ።

ጋሽ ዳንኤል በዓይናቸው ገላመጡኝ። ሽምግልናው በእኔ አፍ ፈረሰ አልኩ በልቤ።

ፀጋ ከጓዳ ወጣች፤ ሁሉንም ሰምታለች። «ዳዲ፣ የውድድሩ ነው እንደዛ። በአገሩ ግን የሰፈር በዓል ሲሆን ባልና ሚስት፣ ሽማግሌና አሮጊት ሳይቀር ተያይዘው ቀስ ብለው ይራመዱታል። እሱንም ፓሶ ዶብሌ ነው የሚሉት።»

«ባልና ሚስት?»

«የስ፣ ዳዲ።»

«እስቲ አሳዪኝ» አለ።

ስልኳን ስኳር ጆንያ ላይ አድርጋ ሙዚቃውን ከፈተች። በዱቄት ከረጢቶቹ መሀል ቆማ ግራ እጇን የሌለ ሰው ትከሻ ላይ አሳረፈች፤ ቀኟን ለአየሩ ሰጠች። ከዚያ መርገጥ ጀመረች። ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ዞራ፣ ተመልሳ፤ ሲሚንቶው ይደበደባል። እጆቿ ግን ካሉበት አልወረዱም። ከውጭ አንድ ደንበኛ «ማይ ፍሬንድ! ብሬድ!» እያለ ፍርግርጉን ይመታል። አቶ ሎምቤቦ ዞሮም አላየው።

ሙዚቃው ሲያልቅ «ልጁ የት ነው?» አላት።

«እሱ በቤቱ፣ እኔ እዚህ። በቪዲዮ ነው የምንለማመደው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ባዶ እጅሽን ነው?»

«ከሎክዳውን ጀምሮ።»

አቶ ሎምቤቦ ማስኩን ዝቅ አድርጎ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «እናትሽ ሆስፒታል ስትገባ እኔን በር ላይ አስቀሩኝ» አለ። «እጇን ዘርግታልኝ ነበር። አልያዝኩላትም፣ አትንካት አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።»

ፀጋ እያለቀሰች ነበር፤ ጋሽ ዳንኤልም መሬት መሬት ያያሉ።

«ሂጂ» አላት። «ሰው ይያዝሽ።»

ከዚያ ለእኛ «ተቀመጡ እንጂ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እኔም ሱቁን ዘግቼ መጥቼ አያለሁ። ቀሚሱን ግን ትንሽ አስረዝመው።»

መልስ

ስንመለስ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ሂሳብ የመሰብሰብ ጉልበት አልነበረኝም። ጀፕ ስንደርስ ጋሽ ዳንኤል እንደ ልማዳችን ክርናቸውን ዘረጉልኝ። መልሰው አጠፉትና በእጃቸው እጄን ያዙኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! እሳቸውም ቶሎ አልለቀቁኝም፣ እኔም አልጎተትኩም።

ድርብ እርምጃ ማለት ነው ብዬ ለሰው ላስረዳ ሄጄ ነበር። ስሙን በቃል ያዝኩት እንጂ ሁለት ሰው የሚጠይቅ መሆኑን ልብ አላልኩትም ነበር። የገባኝ ልጅቷ ብቻዋን ስትረግጠው ሳይ ነው።

ትሮይቪል ስገባ ገና አልጨለመም። ማሽኑ ላይ ያልተሰፉ ማስኮች ተከምረዋል። ወደ ጎን ገፋኋቸውና የቀዩን ቀሚስ ጠርዝ ማስረዘም ጀመርኩ።