የሰው አገር ሽማግሌ ላነሳ ሄጄ

ከቆሰበር የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። የባሕር ዳሩ ሚኒባስ አስፋልቱ ዳር ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፣ እኔ ሁለት ሹራብ ደርቤም ጥርሴ ይንገጫገጫል። እኔና ታናሽ እህቴ የሺ ከዘንገና በኩል ካለው ቤታችን በባጃጅ ነበር የመጣነው። አባቴ ግን ዳማ ፈረሳቸውን ጭነው ከኋላ ከኋላችን ሸኙኝ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ የባጃጁ ልጅ ዳገቱ ላይ በፈረስ ተቀድሞ ሲያፍር አይቻለሁ።

ከፈረሱ አልወርድም አሉ። ከወረዱ የሚያለቅሱ መስሏቸው ይመስለኛል። ስለዚህ ኮርቻው ላይ እንዳሉ ጉልበታቸውን ሳምኩ። በዕድሜዬ ጎንበስ ሳልል የሳምኩት ጉልበት ያ ብቻ ነው።

«የሰው አገር ሽማግሌ ልታነሺ እኔን ትተሽ ሄድሽ፣ አይደል እናኑ?» አሉኝ ከላይ ሆነው።

እኔ መልስ የሚቸግረኝ ሰው አይደለሁም፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። የዚያን ቀን ግን ሻንጣዬን ይዤ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። ነገሩ እውነት ነበራ! ገጠር ጤና ጣቢያ አራት ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቼ፣ ጀርመን አገር ያለ የአረጋውያን መኖሪያ መጀመሪያ በበጎ ፈቃድ እንዳገለግል፣ ከዚያ ሙያውን እንድማር ተቀብሎኝ ነው የምሄደው። አልተንሃይም ይሉታል። ለጎረቤት ሳስረዳ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ ልጅ የላቸውም እንዴ? አላቸው፣ ግን ሥራ ይውላሉ እላለሁ። ሰዉ ደግሞ እኛስ መች ተኝተን እንውላለን ይለኛል።

እናንተ ለመምጣት የምታስቡ ልጆች፣ ብርዱ አያስፈራችሁ። የቆሰበር ሰው ለብርድ አዲስ አይደለም። አብረውኝ የመጡት የአዲስ አበባ ልጆች በጥቅምት ሲንቀጠቀጡ እኔ መስኮት ከፍቼ እተኛ ነበር፤ ጉራዬ ጥር ሲገባ አለቀ እንጂ። ድንቹስ? እኔ ከድንች አገር ሸሽቼ ድንች አገር ገባሁ። ድንች ቅቅል፣ ድንች ተፈጭቶ፣ ድንች በሰላጣ፣ ያውም ሚጥሚጣ ሳይነካው። የሚከፋው ግን ሰላምታው ነው። አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ እንደ አገሬ ሁሉንም እንዴት አደራችሁ ስል አንድ ውሻ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። እኛ ዳንግላ ጋሪ ላይ አብሮን የተሳፈረውን ሰው ሳንወርድ ዘመዱን ሁሉ ጠይቀን እንጨርስ የለ? ወይ አገሬ!

አከራዬ ሄር ኩርት፣ አቶ ኩርት እንደማለት ነው፣ አራት ገጽ የቤት ሕግ ሰጠኝ። ከሰዓት በኋላ ድምፅ የለም። መስኮት በቀን ሁለቴ ይከፈታል። ቆሻሻ በአራት ዓይነት ይለያል። አንድ ቀን በር አንኳኳና በሁለት ጣቱ የያዘውን አሳየኝ፤ ይህ የእንቁላል ቅርፊት የእርስዎ ነው ወይ ብሎ። የዶሮዋ ነው ልለው ቋንቋው አልደረሰልኝም።

የትምህርት ማስረጃዬን የሚያየው መሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ። ፓስፖርቴ ላይ ያለው የልደት ቀን በእነሱ አቆጣጠር፣ ዲፕሎማዬ ላይ ያለው በእኛ። ሴትዮዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ደምራ ቀንሳ፣ በዚህ ወረቀት መሠረት ነርስ የሆኑት በአሥራ ሦስት ዓመትዎ ነው አለችኝ። አቆጣጠራችን ከእናንተ በሰባት በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው ብዬ አስረዳሁ። ታዲያ ሲመለሱ ወጣት ሊሆኑ ነዋ አለች፣ ፊቷ ሳይፈታ። ለዚህ እኮ ነው ቶሎ መመለስ የምፈልገው አልኳት። ዘመን አቆጣጠራችሁ እንደዚያ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማኅተም ያለበት ወረቀት ያምጡ ብላ ሸኘችኝ።

ሥራው ግን እጄ ላይ ያለ ነው ብዬ ነበር የገባሁት። ሽማግሌ ማክበር ለእኔ ይነገረኛል? የተሰጡኝ ፍራው ሂልደ፣ ወይዘሮ ሂልደ እንደማለት ነው፣ የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት ሴት ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በልብስ ሰፊነት የጨረሱ። ጠዋት ጠዋት ሹራባቸውን ራሳቸው ሲቆልፉ አንዱ ቁልፍ ብቻ ስንት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። እኔ ቆሜ ልይ? እናቴን ቢሆን? ፈጠን ብዬ እቆልፍላቸዋለሁ። ማንኪያውን ተቀብዬ አጎርሳቸዋለሁ። ሊነሱ ሲሉ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ እላለሁ፤ መጀመሪያ ከተማርኳቸው የጀርመንኛ ቃላት አንዱ እሱ ነበር። ውኃ ቢጠማቸው ውኃው ወደ እሳቸው ይሄዳል እንጂ እሳቸው ወደ ውኃው አይሄዱም። እሳቸውም ወደዱኝ፣ ጉንጬን ይስሙኛል። እኔም የጀርመን ልጆች ወላጅ መጦር እንዴት እንደሆነ ይዩ ብዬ በሆዴ እኮራለሁ።

በሁለተኛው ወር የክፍሉ ኃላፊ ሞኒካ ጠራችኝ። ሞኒካ ነገር አታለሳልስም። ፍራው ሂልደ ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸዋል፣ ከአልጋ እስከ መስኮት በሮላተር፣ በዚያ ጎማ ባለው መደገፊያ ይሄዱ የነበሩት አሁን ሁለት ሰው ካልያዛቸው አይነሱም አለች። ዕድሜ ነው አልኳት።

«ዕድሜ አይደለም፣ አንቺ ነሽ» አለችኝ። «በደግነት ጣታቸውንና እግራቸውን ወስደሽባቸዋል።»

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። መጀመሪያ በንዴት ነው፤ ልጅ ወላጁን የማያጎርስበት አገር ሰው ለእኔ ክብር ሊያስተምረኝ! ቀጥሎ ግን በሐፍረት። ነርስ እኮ ነኝ። የተኛ ጡንቻ እንደሚሟሽሽ ተምሬ፣ ተፈትኜ ያለፍኩበት ነው። ያ ትምህርት በአንድ በኩል፣ እናቴ ያሳደገችኝ በሌላ በኩል ተቀምጠው አንድ ቀን ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ እጄን ማሰር ሆነ። ከፍራው ሂልደ አጠገብ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ እቆማለሁ። ተቀየሙኝ፣ ሰነፍ አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት የመጨረሻውን ቁልፍ ቆልፈው ቀና ሲሉ ግን ያ የድሮ የልብስ ሰፊ ኩራት ፊታቸው ላይ ነበር። ቆሜ በማየት የሚያልቀው የእኔ ጉልበት ነበር እንጂ ሰነፍስ አልነበርኩም።

አገር ቤት ያለው ነገር የደረሰኝ ልክ በዚያ ሰሞን ነው። የሺ ደወለች። አባባ ወድቀዋል። ያውም ከፈረስ አይደለም፤ ደጃፋችን ላይ ጭቃ አንሸራቷቸው። ሐኪም አይቷቸው አጥንት አልተሰበረም፣ ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሱ ብሎ ሸኝቷቸዋል። ይህ ሁሉ ከሆነ ሁለት ወር አልፎታል፤ እንዳልጨነቅ ብለው ደብቀውኝ ነው። አሁንስ እንዴት ናቸው ብዬ ብጠይቃት የሺ ድምፅዋ በራ። አንድ ነገር አናስነካቸውም እትዬ፣ ከአልጋ አይወርዱም፣ እኔ ነኝ የማጎርሳቸው፣ የመጣ ጠያቂ ሁሉ እንዳንቺ ያለ ልጅ ይስጠን እያለ መርቆኝ ነው የሚሄደው አለችኝ። መተኛት የሚያመጣው ቁስል ታወሰኝና ጀርባቸውስ አልኳት። ቀላ ብሏል አለች። ፈረሱስ? ከእንግዲህ ስለማይጭኑት ለአጎታችን ልጅ ልንሰጠው ነው፣ አባባም እንደፈቀዳችሁ ብለዋል።

የገደለኝ ይህ ነው። ከዳማው ስለ መለየት እንደፈቀዳችሁ የሚል ሰው አባቴ አይደለም። ያ ሰው ሞቱን መጠበቅ የጀመረ ሰው ነው።

«የሺ፣ አስነሻቸው» አልኳት። «ዛሬውኑ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡ። ነገ ይቁሙ። ማንኪያውን ለራሳቸው ስጪያቸው።»

«ሰው ምን ይላል እትዬ? ልጃቸው ውጭ አገር ሆና አባቷን በስልክ ታሠራቸዋለች ይበሉን?»

ጮህኩባት። እሷም አልተሸነፈችልኝም፤ አንቺ ሄደሻል፣ ማጠቡም መገላበጡም የኔ ነው አለችና ዘጋችው። እውነቷን ነው። ሦስት ቀን ተኮራረፍን። በአራተኛው ቀን ደውዬ ትእዛዝ ሳይሆን ኑዛዜ ነገርኳት፤ ፍራው ሂልደን እንዴት በፍቅር አልጋ ላይ እንዳዋልኳቸው፣ ሞኒካ ምን እንዳለችኝ፣ ሽንት ቤት መግባቴን ሳይቀር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ እኔስ ምን ላድርግ፣ ተነሱ ብላቸው አይነሱም አለች። ለእኔ አይነሱም፣ ለአንቺም አይነሱም፣ ለዳማው ግን ይነሳሉ አልኳት።

የአባቴ ፈረስ ጠዋት ጠዋት ጨው የሚልሰው ከእሳቸው መዳፍ ብቻ ነበር። ስለዚህ የሺ ዳማውን በየጠዋቱ በሩ ላይ ታስረውና የጨዉን ዕቃ አልጋው አጠገብ ታስቀምጣለች። ሌላ ምንም አትናገርም። በመጀመሪያው ቀን ፈረሱ አሽካካ፣ አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን በአገውኛ እየተሳደቡ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ስድቡን የሺ ልትደግምልኝ አልፈለገችም። ከዚያ በእሷ ትከሻ ቆሙ፣ ከዚያ በከዘራ። ጎረቤቱማ ልጆቹ ሽማግሌውን ፈረስ ቀላቢ አደረጓቸው ብሎ አወራ። ያውራ። ጀርባቸው ዳነ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት፣ ሄር ኩርት ድምፅ የለም ባለበት ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ነበር። የሺ መስላኝ ሳነሳው አባቴ ናቸው።

«እናኑ፣ ቆሜ ነው የማወራሽ። ዳማው ላይ ተደግፌ፣ ደጅ።»

ከአልጋው እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። አባቴ ቆመው እኔ ልተኛ? በካልሲዬ መሬቱ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከኋላቸው ፈረሱ ሲተነፍስ ይሰማኛል። እሳቸውም ትንፋሻቸው ቆረጥ ቆረጥ ይላል፤ እግራቸው መንቀጥቀጥ እንደጀመረ ከድምፃቸው አወቅኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ላይ ያለችው ቃል መጣች፤ ይቀመጡ እንጂ አባባ። ጥርሴን ነክሼ ዋጥኳት።

«እስከ አስፋልቱ እደርሳለሁ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አሉ። «መቼ ነው የምትመጪው? ቀኑን ንገሪኝና እዚያው ቆሜ እጠብቅሻለሁ።»

በጎ ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ትምህርቱ ገና ሁለት ዓመት አለው። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ነው። ይህን እንዴት ብዬ ልንገራቸው ስል ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደግሜ ሞከርኩ፣ አልገባም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ክፍሌ መሀል ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው መቀመጣቸውን ሳላውቅ እኔ እንዴት ልቀመጥ?